አጭሩ ስልጠና

ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት ውሃ መጣች። ስንት ቀን ጠፍታ ከርማ፣ ልክ ዘመድና ጎረቤት እኔን ሊሸኝ በተሰበሰበበት ሰዓት ቧንቧው መንፋት ጀመረና ግቢው ሁሉ ብድግ ብሎ ወጣ። እማዬም ወጣች። አልፈርድባትም። እማዬ ያገለገለ የዘይት ጀሪካን ከየምግብ ቤቱ እየገዛች፣ በጠጠርና በሳሙና አጥባ መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር የምትሸጥ ሴት ናት፤ ውሃ ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ እራት የለም። ስለዚህ ሌላው ሰው በለቅሶና በምርቃት ሲሸኝ እኔ የተሸኘሁት በጀሪካን ወረፋ መሐል ነው። አንዷ ጎረቤታችን «በይ በሰላም ግቢ» ብላ ስታቅፈኝ እንኳ ዓይኗ ወረፋዋ ላይ ነበር።

ቤት ውስጥ የቀረነው አባዬ፣ ታናሽ እህቴ ሐያትና እኔ ብቻ ነበርን። አባዬ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ከአውቶቡስ ጣሪያ፣ ዕቃ ከሚጫንበት ፖርቶመጋላ ላይ ከነጆንያው ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ግን የሚውለው ቤት ነው፤ ያን ምሽትም እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልኝ። ሐያት ገና ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የደብተር ቦርሳዬን ስለወረሰች ታለቅሳለች፣ ቦርሳውን ደግሞ አትለቅም። እኔም ስወጣ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ያቋረጥኩትን ይህች ልጅ አታቋርጥም አልኩ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው፤ አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደኔው በሰው ቤት ሆናችሁ ለምታነቡትም።

ያቋረጥኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመሬት ቅየሳ ነው። አትሳቁ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥቤ ቴክኒክ ኮሌጅ ሲያስገባኝ የደረሰኝ እሱ ነበር፤ መጀመሪያ እኔም ስቄ ነበር፣ በኋላ ግን ወደድኩት። ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ሜዳ ላይ ተክለን፣ አንዱ በመነጽሩ እያየ ሌላው ረጅሙን በትር ይዞ ሲቆም፣ ደልዳላ የመሰለን ሜዳ ሁሉ ተዳፋት ሆኖ ይገኛል። ያ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አንድ ወር ያህል ተማርኩና አባዬ ወደቀ።

የመንግሥት ስልጠና እኮ ነፃ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አያስከፍልም። ግን ቀኑን ሙሉ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚማር ሰው ቀኑን ሙሉ አይሠራም። በዚያ ላይ የተግባር ልምምድ እየተባለ ወደየድርጅቱ ሄዶ ያለ ደመወዝ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ደህና ኑሮ ያለው ቤት ሦስት ዓመት ማለት ሦስት ዓመት ነው። እኛ ቤት ሦስት ዓመት ማለት ስንት እራት እንደሆነ እማዬ ብቻ ናት የምታውቀው። ለዚህ ነው የሰፈሬ ልጆች ስልጠና ሲመርጡ እንደ ጨርቅ በርዝመቱ የሚመርጡት። ሒሳብ የሚያስተምረን ጎበዝ ልጅ ፀጉር ማስተካከል ተማረ፤ አጭር ነዋ። ግድግዳ ላይ በከሰል ሰው አስመስሎ የሚሥለው ልጅ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ እሱም አጭር ነው። ምን ትወዳለህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ስንት ወር ይፈጃል፣ ጥያቄው ይኸው ነበር።

ከሁሉ አጭሩ ደግሞ የዓረብ አገሩ ነው። ሙክታር የሚባል የሰፈራችን ደላላ ወሰደኝና አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አልጋ ከሚያከራይ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኝነት ስልጠና ገባሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር፣ ነገር ግን ከውሃ ጋር አልተገናኘም። ልብሱን እንከትና በሩን እንዘጋለን፤ አሰልጣኛችን «አሁን እየዞረ ነው እንበል» ትላለች፤ እኛም ከብበን ቆመን እስኪጨርስ በትዕግሥት እንጠብቃለን። ኦቨኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው። የምንተኩሰው ሸሚዝ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ እንደዚያ ሸሚዝ የተተኮሰ ልብስ ያለ አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ፈተና ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ወረቀቴን ያዝኩ። ቅየሳ ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ይህ ወር እንኳ አልሞላም።

የሄድኩት ዮርዳኖስ ነው፣ ዋና ከተማዋ አማን። አየር ማረፊያው ላይ ፖሊሱ ቦርሳዬን ከፍቶ እማዬ የቋጠረችልኝን በርበሬ አገኘ። ከመድረሳ የቀረችኝ ዓረብኛ የቁርዓን ናት፤ በሷ ደግሞ ከፖሊስ ጋር አይወራም። ለሁለተኛ ጊዜ የምትመጣ አንዲት ሴት አስተረጎመችልኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በርበሬ ነው። ሻጣ።»

አሸተተውና እንባው እስኪፈስ አስነጠሰ። ጓደኞቹ ተሰበሰቡ።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ። ምግብ ላይ የሚደረግ ነው።»

«መዳምሽ ትበላዋለች?»

«መዳሜን ገና አላየኋትም።»

«እንግዲያው አላህ ይርዳት» አለና ቋጠሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። አሠሪዎች እየመጡ ስም ይጠራል፣ ይፈረማል፣ የተጠራችው ትወጣለች። አባዬ ከአውቶቡስ ላይ ጆንያ እያወረደ ለየባለቤቱ የሚያስረክበው ትዝ አለኝ። አባዬ ግን ዕቃ ሲያስረክብ «ልብ በል፣ የሚሰበር አለው» ይላል። ለእኛ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

አማን ተራራ ብቻ ናት። ቤቱ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው፣ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ የወጣ ይመስላል፤ መጀመሪያ ሳየው ይህን ማን ቀየሰው ነው ያልኩት። ብርዱን አትጠይቁኝ። የአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ እኮ ፀሐይ ብቅ ስትል ይቅርታ ይጠይቃል፤ የዚህ ግን ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ምግባቸው ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም። መንሰፍ የሚሉት ሩዝ በበግ ሥጋና በእርጎ አለ፤ በቀኝ እጅ ከአንድ ትሪ ከበው ሲበሉት አገር ቤት ያለሁ ይመስለኛል፣ አፌ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም የሚያቃጥል ነገር የለውም። ደስ ያለኝ አንድ ነገር ውሃው ነው። እዚህም በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው፣ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ውስጥ ትጠራቀማለች። መዳም «ነጂማ፣ ውሃ ቆጥቢ» ስትለኝ በሆዴ እስቃለሁ። ጀሪካን አጣቢ ወልዳ ያሳደገቻትን ልጅ ነው የምትመክረው።

መዳሜ ናዲያ ትባላለች። ክፉ አይደለችም። ደመወዜን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ዓርብ ዓርብ ታስወጣኛለች። አሮጊት እናቷን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ልጇ ዕድሜዋ ከሐያት እኩል ነው፤ ልብሷን የማጥብላት፣ መጽሐፏን ከአልጋ ሥር የምሰበስብላት እኔ ነኝ። ስንቴ ያንን መጽሐፍ ገልጬ ሐያት አሁን የት ምዕራፍ ደርሳ ይሆን እንዳልኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ዓርብ የምንሰበሰበው ጥቂት የአገር ልጆች በጋራ የተከራየናት ጣሪያ ላይ ያለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አከራያችን አቡ ሰሚር ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው ያለው?»

«ሁለት» ትላለች ወርቅነሽ። ወርቅነሽ የጎጃም ልጅ ናት፣ ከሁላችን ቀድማ የመጣች፣ ምላስ ያላት።

«በሩ ላይ ያለው ጫማ ግን የአንድ ክፍለ ጦር ነው።»

«ሁለታችንም ጫማ እንወዳለን።»

«የሚሸተውስ ምንድን ነው? እሳት አደጋ ልጥራ?»

«ቁሌት ነው አቡ ሰሚር።»

«መቼ ነው የሚጠፋው?»

«ስንበላው።»

ሽታው ግድግዳዬ ውስጥ ገባ ብሎ ኪራይ ጨምሮብናል። ግን በብርድ ጊዜ ሶባውን፣ ያችን የጋዝ ማሞቂያ፣ ራሱ ተሸክሞ ያወጣልናል፤ ሰው እንዲህ ነው።

እንዲህ እያልኩ ውል አድሼ፣ ደግሞም አድሼ፣ ሐያት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። የዩኒቨርሲቲውን ነጥብ አላመጣችም፤ ከክፍሏ ያመጣ ቢፈለግም ጭንቅ ነው። ግን ለኮሌጅ የሚበቃ ነበራትና የሕክምና ላብራቶሪ ደረሳት። ሦስት ዓመት። እኔም ያኔ ውሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት፣ በቃኝ፣ ልመጣ ነው ብዬ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። በሁለቱም ነገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያስቀር አልታየኝም።

በአንድ ዓርብ ደወልኩ።

«ነጂ፣ አላህ ሊያሳርፍሽ ነው» አለችኝ እማዬ።

«እንዴት?»

«ሐያት ልትተካሽ ነው። አባትሽ ከሙክታር ጋር ጨርሷል። አጭሩን ስልጠና ሰኞ ትጀምራለች።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ኮሌጅ ደርሷት የለ እንዴ?»

«ደርሷታል። እኔስ ጠልቼ ነው? ሰፈሩ ይፈርሳል እየተባለ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን የት አጥባለሁ? ማንስ እዚያ ድረስ ይገዛኛል?»

«እኔ አለሁ እኮ።»

«አንቺማ ይበቃሻል። እስከ መቼ ባንቺ ወገብ ብቻ? አባትሽ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ያችን ልጅ ረሳናት እያለ። ነይ፤ ጎጆ ያዢ።»

ክፋት ቢሆን እጣላ ነበር። ለእኔ አዝነው ነው። ሐያትን ስጪኝ አልኳት።

«እኔ ነኝ እሺ ያልኩት» አለችኝ ሐያት ገና ሳልናገር። «አንቺ ነይና ቅየሳሽን ጨርሺ።»

«አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማን በትር ያስይዘኛል?»

«እኔስ በምን አንጀቴ ነው አንቺ የሰው ሽንት ቤት እያጠብሽ እኔ ላብራቶሪ የምማረው?»

«ያንን ያጠብኩት እኮ እንድትማሪ ነው።»

«እጠቢልኝ አላልኩሽም» አለችና ስልኩን ለእማዬ መለሰችላት። የኮሌጁ ምዝገባ ረቡዕ ይዘጋ ነበር።

ያን ቀን ቁሌቱ አልበላልኝ አለ። ለነወርቅነሽ ነገርኳቸው። አንዷ «ብር የምትልኪው አንቺ ነሽ፤ አልልክም በያቸው፣ በቃ» አለች። እውነቷን ነው፣ ይሠራ ነበር። ግን አባቴን በብር ማሸነፍ አልፈለግኩም። ወገቡ የተሰበረ ሰው ነው፤ ቃሉ ብቻ ናት የቀረችው። እሷንም ከረገጥኩበት ምኑን አባት ይሆናል?

ወርቅነሽ ሽንኩርቱን እያማሰለች «ሽማግሌ ላኪበት» አለች።

ሳቅን።

«ምን ያስቃችኋል? ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ፣ ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ፣ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ። የአባት ልብ ከድንበር ይበልጣል?»

«ልጅ በአባቷ ላይ ሽማግሌ ልካ ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ላኪና ይታወቅ።»

የላክኋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ሐጂ ከድር የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ አባዬ በደህናው ዘመን የሳቸውን ጆንያ ሲሸከም ኖሯል፣ የሳቸውን ቃል አይረግጥም። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በራጉኤል ንግሥ ዳቦ ለእኛ ሳይልኩ የማይቀምሱ፣ በእኛ ዒድ ከሁሉ ቀድመው እንኳን አደረሳችሁ የሚሉ ጎረቤት። መጀመሪያ የደወልኩት ለሳቸው ነው።

«ስንት ዘመን ሽምግልና ሄጃለሁ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ «ሴት ልጅ ስትልከኝ ያንቺ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እምቢ አሉኝ ማለት ነው ጋሼ?»

«ማን እምቢ አለሽ። ግን በወጉ ነው የምናደርገው። ገብተን እንደ ጥሬ አንዘረግፈውም። ዳር ዳሩን ይዘን ነው የምንገባው።» ትንሽ አሰቡና «ስልኩን ክፍት አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ቃል እንዳይዛባ አንቺው ስሚ። ትንፍሽ እንዳትዪ ብቻ» አሉ።

እሑድ ሆነ። መዳም እንግዳ ነበራት። ከአገር ቤት ጋር ሰዓታችን እኩል ነው፤ እዚህ ሰባት የሚባለውን አገር ቤት አንድ ይሉታል እንጂ። የሸሚዝ ክምር ይዤ ካውያ ቤት ገባሁ፣ ማዳመጫውን በሻሼ ሥር ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁ። መጀመሪያ የጨርቅ መፋተግ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ የግቢያችን የቆርቆሮ በር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ያንን በር ከሺህ በር መሐል አውቀዋለሁ።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ አባዬ። «ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ከድር።

ካውያው እጄ ላይ ቆመ። ይህንን ቃል አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ አንቀመጥም ካለ የመጣው ልጅ ሊጠይቅ ነው። እሑድ ቀን፣ መቼም ነጭ ለብሰው ነው፣ ትምህርት የጨረሰች ልጅ ያለችበት ቤት። እማዬ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ይሰማኛል፤ «ሐያት፣ ሻሽሽን አስተካክዪ» አለች በሹክሹክታ። እኔና ጋሽ ታደሰ ስለ ወጉ ስናወራ ወጉ ራሱ ሌላ ነገር እንደሚናገር አላሰብንበትም። አባዬ እሺ ቢልስ? ሙክታርንም ኮሌጁንም ትቶ ልዳራት ቢልስ? አይደለም ብዬ መጮህ አማረኝ። ግን ትንፍሽ አትዪ ተብያለሁ።

«ነገራችን በዚህ ቤት ስላለችው ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ስለ ትንሿ።»

አባዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«ሐጂ፣ አክብራችሁኝ በሬ ድረስ መጣችሁ። እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ግን ልጄ ገና ተማሪ ናት። ኮሌጅ ደርሷታል፣ ላብራቶሪ ነው የደረሳት። እኔ ሙያ ሳይኖረኝ በወገቤ ኖርኩ፣ ወገቤ ሲሄድ ሁሉም ሄደ። እሷ በእጇ ሙያ ሳትይዝ ለማንም አልሰጣትም። የማንም ልጅ ይሁን። አልሰጥም።»

እንዲህ አንድ ላይ ሲናገር ከወደቀ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«ለማንም?» አሉ ሐጂ ከድር።

«ለማንም።»

በዚህ መሐል መዳም በሩን ከፍታ ገባች። «ነጂማ፣ ሻዩስ? እንግዶቹ እኮ ተቀመጡ» አለችኝ። በራሴ አዎ አልኳት፤ ሸሚዙን ተመልክታ ወጣች። በጆሮዬ ውስጥ ሐጂ ከድር በዝግታ፣

«ለዓረብ አገርም?» አሉ።

ማዳመጫውን በሻሼ ላይ በጣቴ ወደ ጆሮዬ ገፋሁት።

«እናንተ የመጣችሁት ለጋብቻ አይደለም?» አለ አባዬ።

«ለጋብቻ ነው ያለህ አለ?»

«ማን ላካችሁ?»

ኪሱ ተንኮሻኮሸና የጋሽ ታደሰ ድምፅ ቀረበኝ። «የላከችን ይቺውና። ተናገሪ ልጄ።»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ሽማግሌ ላክሽብኝ።»

«ላክሁብህ።»

«እሷን ካስቀረሁ አንቺ እንደማትመጪ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሐጂ ከድር «ቆይ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ጋሽ ታደሰም አያውቁም፤ ለሁለቱም አልነገርኳቸውም ነበር። አባዬ አስረዳቸው፤ ትንሿ የምትሄደው ትልቋ እንድትመለስ እንደሆነ። ሐጂ ከድር ወደ ስልኩ ተጠግተው «ይህንን ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ።

«ብነግርዎት አይመጡልኝም ነበር ሐጂ።»

«አልመጣም ነበር» አሉ፤ «ወላሂ አልመጣም ነበር።»

ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገራችን ሰው። ይህን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ ይቀፈኝ ነበር፤ ስንቱ አባት በዚህ ቃል ልጁን በልቷል። ያን ቀን ግን አባዬ ሁለት ልጅ ነበረው፣ አንድ ቃል ተናግሯል፤ ቃሉን ከጠበቀ ትንሿ ትማራለች፣ ትልቋ እዚሁ ትቀራለች። «ተናግሬያለሁ እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «በሉ አሁን ተቀመጡ።» አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁና ሻይ ላቀርብ ወጣሁ። ሐያት እያለቀሰች ትሳደብ ነበር አሉ፤ እኔን ነው የምትሳደበው።

ማክሰኞ ውሌን እንደማድስ ለመዳም ነገርኳት። በጣም ደስ አላት፣ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ። «አንቺ እኮ ለእኔ እንደ ልጄ ነሽ» አለችኝ። ልጇ ያን ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ካናዳ ሄዳለች፤ ሻንጣዋን ያጠፍኩላት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የአባዬ ቁጥር ነው። አባዬ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ወደ ውጭ መደወል ካርድ ይበላል፣ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። ሰው ሞቷል ብዬ ነው ያነሳሁት።

«ምን ሆናችሁ አባዬ?»

«ደህና ነን። ኮሌጁ በር ላይ ነኝ። ሐያት ተመዘገበች።»

«በዚያ ወገብህ ታክሲ ተጋፍተህ ሄድክ?»

«ወላጅ ያስፈልጋል አሉ።» ወዲያው ደግሞ «አላሉም። እኔ ነኝ መምጣት የፈለግኩት» አለ።

ከበስተጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ አንዱ የጠፋበትን ጓደኛውን ይጣራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር።

«ነጂ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያን ለታ ለሽማግሌዎቹ የተናገርኩት ነገር አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው የሚመስለው። እየተናገርኩ ራሴን ገረመኝ። ይህን ሁሉ የት አስቀምጬው ነበር አልኩ።»

የምድጃውን እሳት አጠፋሁ።

«ላንቺ በሬ ላይ የቆመ ሽማግሌ አልነበረም» አለ። «ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እንዲሁ እል ነበር። ልጄ ተማሪ ናት፣ ለማንም አልሰጥም እል ነበር።»

ምንም አይደለም ልለው ፈለግኩ። ምንም አይደለም የሚባል ነገር ግን አልነበረም፤ ካለቀስኩ ደግሞ እሱም እዚያ ሰው መሐል ያለቅሳል።

«ካርድህ ያልቃል አባዬ» አልኩት።

«ይለቅ» አለ።

አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። ትንፋሹንና የኮሌጁን ልጆች ድምፅ ስሰማ ቆየሁ፣ ካርዱ እስኪያልቅ።